የሆቴል ሠርግ በመዳብ ላይ፦ የኤቺንግ ሥራዬ ማስታወሻ

ጥር መጀመሪያ

እሺ ጀመርኩ። ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው። አንድ ትልቅ ኤቺንግ እየሠራሁ ነው፣ ማለት መዳብ ላይ በመርፌ ተጭሮ፣ አሲድ ከበላው በኋላ በቀለም የሚታተም ሥዕል፣ እና የሚያሳየው የአዲስ አበባ የሆቴል ሠርግ ነው። ሙሽሮቹን አይደለም፣ እንግዶቹን ነው። ለብሰው ዘንጠው፣ እግራቸው አብጦ፣ ጆሯቸው ደንቁሮ፣ ግማሽ ቀን ቆመው ውለው «ኧረ በጣም ያምራል» የሚሉትን፣ እኔና እናንተን።

ሐሳቡ ዘመድ አለው። ጆርጅ ክሩክሻንክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1818 (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) የተጨናነቀ የቤተ መንግሥት ግብዣ ምን ያህል እንደማይመች የሚያሳይ ኤቺንግ ሠርቷል። ንግሥት ሻርሎት እንግዳ የምትቀበልበት ቀን ነው። ሴቶቹ በማገር ተወጥሮ ግራና ቀኝ እንደ ጎጆ ጣሪያ የሚዘረጋ ቀሚስ፣ ራሳቸው ላይ ረጃጅም የሰጎን ላባ፣ ወንዶቹ ደግሞ ጎናቸው ላይ ሰይፍ። ይሄን ሁሉ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ክተቱትና አስቡት። ላባው ዓይን ይወጋል፣ ሰይፉ ቀሚስ ይተረትራል፣ ቀሚሱ ራሱ የሦስት ሰው ቦታ ይይዛል።

የሚገርመው ደግሞ ያ በማገር የተወጠረ ቀሚስ በዛን ጊዜ ከቤተ መንግሥት ውጪ ማንም አይለብሰውም ነበር፣ ፋሽኑ ካለፈ ቆይቷል። የወቅቱ ቀሚስ ወገቡ ወደ ላይ ወጥቶ ከጡት ሥር ነው የሚጀምረው። ቤተ መንግሥቱ ግን በድሮው ካልመጣችሁ አትገቡም ስላለ ሁለቱን አንድ ላይ አደረጉት፣ ጣሪያው ከብብት ጀመረ ማለት ነው። ሴትየዋ እጇን የምታሳርፍበት ቦታ እንኳን የላትም። ይሄ የቀረው በ1820 ጆርጅ አራተኛው ሲነግሥ ነው፣ አያስፈልግም አለና ተገላገሉ። ሻርሎት ራሷ ሥዕሉ በወጣበት ዓመት ኅዳር ላይ አርፋለች።

ይሄን ሥዕል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አሁን ግን ልሠራ ስል ያደረኩት ነገር ፊቶቹን በአውራ ጣቴ መሸፈን ነው። ሞክሩት። ቀልዱ አይጠፋም። ምክንያቱም ቀልዱ ያለው ዕቃው ላይ ነው፣ ሰውየው ክፉ ይሁን ጅል ይሁን ለውጥ የለውም፣ ሰይፍ ታጥቆ በሕዝብ መሃል ከዞረ አንድ ነገር ይቀደዳል። እና የኔም ሥዕል በዚህ ነው የሚሄደው። ማንንም በፊቱ አላሾፍበትም። የሚያጠቃው ዕቃው ነው።

ቅዳሜ፣ ሚናሌሽ ተራ

መዳብ ፍለጋ መርካቶ። ከውጪ የሚመጣው ለኅትመት የተወለወለ ፕሌት (የመዳብ ሰሌዳ) ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፣ ስለዚህ ጠፍጣፋ መዳብ ከሚሸጡት ጋር ነው ጉዳዬ፣ ውፍረቱ አንድ ተኩል ሚሊ ከሆነ ይበቃኛል፣ በኪሎ ነው የሚመዝኑት። ሻጩ «እህቴ ለጣሪያ ነው ለድስት?» አለኝ። ለሥዕል ነው አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ለሥዕልማ ሸራ አይሻልሽም?» አለ፣ ከልቡ አዝኖልኝ። ከዛ ግን አሲድ የሚለውን ሲሰማ ልጆቹን ሁሉ ጠርቶ አስረጂኝ አለ፣ ሻይ ታዘዘ፣ አሲድ በመዳብ ላይ እንዴት መስመር እንደሚሠራ ካርቶን ላይ ሥዬ አሳየሁ። የተቧጨረውን ጥሎ ንጹሑን መረጠልኝ።

ቤት ገብቼ መወልወል። ይሄ አሰልቺ ነው ብዙ አልጽፍም፣ የአሸዋ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ በመጨረሻ ብራሶ፣ የብረት መወልወያው። ጠርዙ በሞረድ ሰያፍ ሆኖ መሞረድ አለበት፣ ካልሆነ በማተሚያው ሲያልፍ ወረቀቱንም ከላዩ የሚደረገውን ብርድ ልብስም ይቆርጠዋል። ፊቴ የሚታይበት ሲሆን አቆምኩ።

የጥር ቅዳሜና እሑዶች

ጾም ሳይገባ ሁሉም ያገባል፣ ስለዚህ ጥናቱ በነፃ ነው፣ ጥሪ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሏል። ትንሽ ደብተር ቦርሳ ውስጥ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሽንት ቤት ወረፋ ላይ ቆሜ እሥላለሁ፣ ምክንያቱም እዛ ነው ሰው ፊቱን የሚያሳርፈው።

የሰበሰብኩት እነሆ እንደመጣልኝ።

ሳህን ይዞ መሳሳም። ይሄ ለኔ የሥዕሉ መሃል ነው። ቡፌ አንስተህ ስትመለስ ለዓመታት ያላየኸው ዘመድ ፊት ለፊት ይመጣል፣ መሳም ግዴታ ነው፣ አንዴ አይደለም ደግሞ፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ፣ ሁለታችሁም በአንድ እጅ ሳህን በሌላው ብርጭቆ፣ ጉንጭ ሲነካ ሳህን ያዘነብላል፣ ወጡ ቀስ ብሎ ወደ ጠርዝ ይመጣል፣ እና «ልጆች እንዴት ናቸው?» ይቀጥላል። ሁለቱም ወጡን ያያሉ። ሁለቱም አይናገሩም።

የነጠላ ጥለት። ወንበሮቹ ሁሉ ነጭ ልብስ ለብሰው ከኋላቸው በሪባን ታስረዋል አይደል፣ የነጠላው ዘርፍ እዛ ሪባን ውስጥ ይገባል፣ እትዬ ብድግ ሲሉ ወንበሩ አብሮ ይነሳል።

ጭስ። ሙሽሮች ሲገቡ መሬት ለመሬት የሚለቀቀው ነጭ ጭስ፣ ሐሳቡ ደመና ላይ እንዲሄዱ ነው፣ ውጤቱ ግን ከጉልበት በታች ማንም ምንም አያይም፣ ደረጃ አለ፣ የቪዲዮ መብራት ኬብል አለ፣ ሕፃን ልጅ አለ።

ስፒከር። አረጋውያንን ለማክበር ከፊት ያስቀምጧቸዋል፣ ከፊት ያለው ደግሞ ስፒከሩ ነው። ክብርና ቅጣት በአንድ ወንበር።

እና ቁርጥ ቤቱ። ክሩክሻንክ ሰይፍ ነበረው፣ እኔ ሰይፍ ከየት አመጣለሁ ስል ነበር፣ ከዛ አንዱ ሠርግ ላይ ከአዳራሹ ጥግ የተንጠለጠለውን ሥጋ አየሁት። ጥሬ ሥጋ፣ ቢላዋ የያዘ ሰው፣ አዋዜ፣ ዳጣ፣ እና ዙሪያውን ክሬም ከለር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ወረፋ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ።

አስተናጋጆቹን ግን ሳያቸው አንድ ነገር ገባኝ፣ አዳራሹ ውስጥ ሰው የሚያንቀሳቅስ ልብስና ጫማ ያደረጉት እነሱ ብቻ ናቸው። ጠፍጣፋ ጫማ፣ እጅጌው የተሰበሰበ ሸሚዝ። ያን ሁሉ ሕዝብ አስር ሳህን ይዘው ሰንጥቀውት ያልፋሉ፣ ምንም አይነካቸውም። እንደዛው ነው የምሥላቸው።

ማክሰኞ ማታ፣ ስኬች

አቀማመጡን ጨርሻለሁ። ድሮ ያሾፉ የነበሩትን ሌሎቹንም ጎን ለጎን ሰቅዬ እያየሁ ነው። ቶማስ ሮውላንድሰን ለንደን ያለውን የሶመርሴት ሃውስን ደረጃ ሥሏል፣ ሮያል አካዳሚ የሚባለው የሠዓሊዎች ማኅበር ኤግዚቢሽን እዛ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነበር የሚታየው፣ ደረጃው ገደላማና ጠምዛዛ ነው፣ ሥዕሉ ላይ ሰው በሰው ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። እንቅስቃሴው ልዩ ነው፣ አንዱን ብትገፋው ሁሉም የሚወድቅ ይመስላል፣ ያን ልሰርቀው ነው። ግን የቀልዱ ግማሽ ሴቶቹ ሲወድቁ ቀሚሳቸው መገለቡና ሽማግሌዎች መነጽር ይዘው ማፍጠጣቸው ነው፣ ያ አይመቸኝም። ቦታውን ልውሰድ፣ ዓይኑን ልተው።

ጄምስ ጊልሬይ ደግሞ የሁሉም አለቃ። ለንደን ሴንት ጄምስ ጎዳና ቁጥር 27፣ ሐና ሃምፍሪ የምትባል የኅትመት ነጋዴ ሱቅ ነበራት፣ እሱ ከሱቋ በላይ ይኖር ነበር፣ ሥዕሎቹ መስኮቷ ላይ ይሰቀላሉ፣ ሰው ውጪ ቆሞ ያያል። በ1808 የወጣ አንድ ሥዕሉ ላይ ያንኑ መስኮት ሥሎታል፣ ሕዝቡ መስታወቱ ላይ አፍጥጦ ጀርባውን ሰጥቷል፣ ከፊት አንድ ሽማግሌ በበረዶ አንሸራቶት በቂጡ ቁጭ ብሏል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ያን ደረቅነት ነው የምፈልገው። እኔ ጋ የሚያፈጥጡት ስልክ ላይ ነው፣ አጠገባቸው ሰው በጭስ ውስጥ ሲሰናከል እነሱ የሚያዩት የሙሽሮቹን ጭፈራ በስልካቸው፣ ሙሽሮቹ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ እያሉ።

ሐሙስ፣ ሰምና ጧፍ

ግራውንድ ማለት አሲዱ እንዳይነካው መዳቡን የሚሸፍነው ስስ ልባስ ነው። የኔው ሰም፣ ሬንጅና ሙጫ ተቀልጦ ነው፣ መዳቡን ትንሽ ማሞቅና በሩለር ስስ አድርጎ ማዳረስ። ከዛ በፊት ቅባቱ በቾክ ዱቄትና በኮምጣጤ መታጠብ አለበት፣ ውኃ ሲፈስበት ሳይቆራረጥ ካዳረሰው ንጹህ ነው።

ከዛ ይጠቆራል። የፈረንጆቹ መመሪያ ቀጭን ሻማ አስተሳስራችሁ በጭሱ አጥቁሩት ይላል፣ እኔ ጧፍ ነው ያበራሁት፣ እሱ ነው ለካ የሚፈልጉት፣ ቀጭን፣ ጭሱ ብዙ፣ አስተሳስሮ መያዝ የሚመች። ፕሌቱን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ከላይ መያዝ፣ ጧፉን ከሥር እያንቀሳቀሱ ማለፍ፣ አንድ ቦታ ከቆየ ሰሙ ይቃጠላል። ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ሽታ ሸተተ፣ ጎረቤት አንኳኩታ «ጸሎት ላይ ነሽ?» አለችኝ።

ዓርብና ቅዳሜ፣ ጭረት

መዳብ ላይ የተሣለ ነገር ሲታተም ይገለበጣል። ግራው ቀኝ ይሆናል። ለአንዳንድ ሥዕል ምንም አይደለም፣ ለዚህኛው ግን ነው፣ ምክንያቱም ከመሃል አንዷ እናት ለሙሽራው እያጎረሱ ነው፣ በግራ እጅ ጉርሻ ደግሞ ስድብ ነው፣ አገር ይስቅብኛል። ስለዚህ መዳቡ ላይ እናትየዋ በግራ ነው የሚያጎርሱት፣ ሰው ሁሉ በግራ ይጨባበጣል፣ ቢላዋውም በግራ ተይዟል። ስኬቹን በቀጭን ወረቀት ላይ በእርሳስ ቀድቼ፣ ወረቀቱን ፊቱን ወደ ታች ፕሌቱ ላይ አድርጌ በማተሚያው ሳሳልፈው እርሳሱ ጥቁሩ ላይ ብር መስሎ ቀረ፣ እሱን ተከትዬ በመርፌ።

ጽሑፍም አለ፣ ከመድረኩ ጀርባ የሙሽሮቹ ስም በትልቁ የሚያበራበት ሰሌዳ። ፊደላችንን ገልብጦ መጻፍ የራሱ ስፖርት ነው። ሠ እና ዐ ችግር የለባቸውም፣ ቢገለበጡም ያው ናቸው፣ ች እና ር ግን እጄ እምቢ ይላል፣ መስታወት አቁሜ ነው የጨረስኩት።

መርፌው መዳቡን መቧጨር የለበትም፣ ሰሙን ገለጥ ማድረግ ብቻ ነው ሥራው፣ የቀረውን አሲዱ ይሠራዋል። ስለዚህ እጅ ዘና ይላል፣ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ እንደመሣል ነው ማለት ይቻላል፣ እነ ጊልሬይ እንደዛ ፈጥነው ይሠሩ የነበረው ለዚህ ነው፣ ዜናው ሳይበርድ መስኮት ላይ መድረስ አለበት።

እሑድ፣ አሲድ

የድሮዎቹ ናይትሪክ አሲድ ነበር የሚጠቀሙት፣ ሲበላ አረፋ ያወጣል፣ አረፋው መስመሩ ላይ ከተቀመጠ መበላቱን ያቋርጠዋል፣ ስለዚህ በላባ እየጠረጉ ያባርሩት ነበር። የላባ ቆብ ላይ የሚያሾፍ ሥዕል በላባ ሲጠረግ፣ ጥሩ አይደል? እኔ ፌሪክ ክሎራይድ ነው፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች ሰርኪዩት ቦርድ የሚያበሉበት፣ ጭስ የለውም፣ አረፋም የለውም፣ ግን ዝቃጭ አለው፣ መስመሩ ውስጥ ይሞላና ያቆመዋል፣ ስለዚህ ፕሌቱን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ትንንሽ እግር ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ዝቃጩ ወደ ሥር ይወርዳል። ጓንት፣ መስኮት መክፈት፣ የድሮ ልብስ፣ እድፉ በምንም አይለቅም።

ጨለማና ብርሃኑ የሚመጣው በደቂቃ ነው። ሁሉንም አስር ደቂቃ አስበልቼ አወጣሁ፣ ከኋላ ያሉትን ሰዎች፣ ጣሪያውንና ፊኛዎቹን በቫርኒሽ ሸፈንኳቸው፣ እነሱ ቀጭን ሆነው ይቀራሉ። መልሼ ከተትኩ። መሃሉን ሃያ አምስት ገደማ ላይ ሸፈንኩ። ከፊት ያለው፣ ስፒከሩ፣ ሳህኖቹ፣ የተያዘው ነጠላ፣ ቢላዋው፣ አንድ ሰዓት። ጠዋት ብርድ ስለነበረ ከዛም አልፏል፣ ብርድ ሲሆን ይንቀራፈፋል። ያለቀውን ፈሳሽ ፍሳሽ ውስጥ አትድፉ፣ የሟሟ መዳብ አለው፣ ጀሪካን ውስጥ ነው የማጠራቅመው።

የካቲት፣ የመጀመሪያው ፕሩፍ (የሙከራ ኅትመት)

ማተሚያው የጋራ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ ወረፋ አለው። ወረቀቱን አርጥቦ ማሳደር፣ ቀለሙን መስመሩ ውስጥ ሞልቶ ላዩን በደረቅ ሻሽ ከዛ በመዳፍ መጥረግ፣ ማሳለፍ።

ወጣ። ወጥቷል! ጉርሻው በቀኝ ነው። ጭሱ በደንብ ሠርቷል ምክንያቱም ምንም አልሣልኩበትም፣ ባዶ ወረቀት ነው፣ እግሮች በግማሽ ተቆርጠው ባዶ ውስጥ ይጠፋሉ። ስፒከሩ ብቻ በጣም ጠቁሮ ሥዕሉን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፣ በርኒሸር በሚባል ለስላሳ ብረት አሸሁት፣ መዳቡ ሲታሽ መስመሩ ይጠባል፣ ትንሽ ግራጫ ሆነ፣ ይበቃል።

አክስቴ መጡ አሳየኋቸው። መነጽር አድርገው፣ ወረቀቱን መስኮት ጋ ወስደው፣ ለረጅም ጊዜ። «አንቺ ልጅ ይቺ ወንበር የተከተለቻት እኔ ነኝ?» ኧረ ማንም አይደለችም አልኳቸው። «እኔ ነኝ» ብለው ዘጉት፣ ደስ ብሏቸው ነው ደግሞ። ከዛ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው «ጫማዋን አውልቃ ከጠረጴዛ ሥር የደበቀችዋስ የት አለች? እሷ የሌለችበት ሠርግ አይቼ አላውቅም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ለዚህ ፕሌቱን መልሶ በሰም መሸፈን አላስፈለገኝም፣ በድራይ ፖይንት ገባች፣ ማለት አሲድ የለም፣ መዳቡን ራሱን በመርፌ ማረስ ነው፣ ከጭረቱ ዳር የሚነሳው ሻካራ የመዳብ ጠርዝ ቀለም ስለሚይዝ መስመሩ ለስለስ ብሎ ይወጣል። ባለ ረጅም ተረከዝ ሁለት ጫማ፣ አንዱ ወድቆ፣ ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ግማሹ ወጥቶ፣ እና የአንድ አስተናጋጅ እግር ሊያልፍበት ነው። አስተናጋጁ ያልፋል፣ አይሰናከልም።

ስለ ገዢዎች ትንሽ

ጓደኞቼ «ሰው ይቀየምሻል» ይሉኛል። አይመስለኝም። አዝማሪ ቤት ገብቶ ያልተነካ ማን አለ፣ ስለ ሆድህ፣ ስለ ሸሚዝህ፣ ብር ስለማውጣት ስለመቆጠብህ በግጥም ይሰጥሃል፣ አንተ ተነስተህ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፋለህ። እንግሊዞቹም ያው ናቸው፣ ሲሾፍባቸው የኖሩት ልዑል፣ በኋላ ጆርጅ አራተኛ የሆነው፣ ራሱ የእነዚህ ኅትመቶች ደንበኛ ነበር፣ ይገዛ ነበር። ሲነግሥ ነው ፍርሃት የገባው፣ በ1820 ክሩክሻንክ ንጉሡን በነውር ሥራ ላይ አልሥልም ብሎ 100 ፓውንድ ተቀብሏል። እስካሁን ላለመሣል የከፈለኝ የለም። አንዲት የዲኮር ሥራ ያላት ጓደኛዬ ግን ፕሩፉን አይታ ቢሮዬ ልስቀለው ብላለች፣ ሪባኑን እሷ ናት የምታስረው።

አሁን ያለሁበት፣ ቀለም

በዛ ዘመን ቀለሙ በእጅ ነበር የሚቀባው፣ አንዱን ሞዴል አስቀምጠው እሱን እያዩ ሌላውን ሁሉ በውኃ ቀለም ይሞሉታል። እኔም እንደዛው፣ ግን ሁሉን አልቀባም። ሞከርኩት፣ ሁሉም ሲቀባ ፖስት ካርድ ሆነ፣ ሠርጉ ያምራል፣ ዓይን ያርፋል፣ ማረፍ ደግሞ የለበትም። ስለዚህ ቀለም የሚያገኘው የሚያሰቃየው ዕቃ ብቻ ነው፣ ሪባኑ ወርቅማ፣ ሊፈስ ያለው ወጥ ቀይ፣ ኬብሉ ብርቱካን፣ ሥጋው ቀይ፣ ጫማው አረንጓዴ። ሰዎቹ ሁሉ ጥቁርና ነጭ።

ችግሩ የወጡና የሥጋው ቀይ ነው፣ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ዓይን በሁለቱ መሃል ይመላለስና ሳህኑን ያልፈዋል። ወጡን ወደ ቡኒ፣ በርበሬው እንደበሰለ፣ ሥጋውን ወደ ሮዝ እየገፋሁ ነው። ይሄ ሳምንት የወረቀት ቁራጭ ላይ ሙከራ ነው።

ስንት ቅጂ ይወጣል ለምትሉኝ፣ ድራይ ፖይንት ቶሎ ያልቃል፣ በታተመ ቁጥር ያ የመዳብ ጠርዝ ይተኛል፣ ኤቺንጉ ገና ብዙ ይሄዳል ጫማው ግን አይሄድም። ጫማው መደብዘዝ ሲጀምር አቆማለሁ፣ ያ ስንተኛው ላይ እንደሚሆን ማተሚያው ነው የሚነግረኝ። አክስቴ አንዱን ቀድመው ይዘዋል፣ ነጠላውን በጥለቱ ቀለም ቀቢልኝ ብለዋል፣ አረንጓዴ ጥለት፣ ዋጋ ቀንሺ ደግሞ።